ኳስ የሆነው ካልሲ

ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ውስጥ ካልሲ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ተረከዙ ሲበሳ፣ አውራ ጣት ብቅ ሲልበት ወይም ጓደኛው ከማጠቢያው ሳፋ ሳይመለስ ሲቀር ከእግር ጡረታ ይወጣና በማግሥቱ ኳስ ሆኖ ይቀጠራል። ቀጣሪዎቹ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ባለሙያዎች ናቸው። ፌስታል፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ የሹራብ ብጣሽ ይሰበስባሉ። ያንን ድቡልቡል አድርገው እስከ ካልሲው ጫፍ ድረስ ይጎሰጉሱታል፤ አንገቱን ጠምዝዘው መልሰው በራሱ ላይ ይገለብጡታል፤ እንደገና ይጠመዝዛሉ፣ እንደገና ይገለብጣሉ። ጫፉ ሲቀር በመርፌና ክር ይሰፋል፤ መርፌ የምታውስ እናት ካለች ማለት ነው። ከሌለች በሲባጎ ይታሰራል።

ረጅም ካልሲ ሦስት አራት ጊዜ ስለሚገለበጥ ጠንካራ ኳስ ይወጣዋል። አጭሩ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር አንጀቱ ይዘረገፋል። ስለዚህ በልጆቹ ሸንጎ ካልሲ የሚመዘነው በርዝመቱ ነው፤ ቀለሙም ሆነ የመጣበት አገር ከቁጥር አይገባም። ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ያለው አጎት እንደ ትልቅ ዘመድ ይከበራል፤ እግሩም በዐይነ ቁራኛ ይጠበቃል።

ይህን ኳስ የሚጠልዙት እግሮች ደግሞ ሌላ ወሬ ናቸው። ገሚሱ ባዶ ነው፤ ገሚሱ ላስቲክ ጫማ አጥልቋል። ካልሲ ያደረገ ልጅ ከተገኘ በረኛ ይደረጋል፤ ብዙ ስለማይሮጥ ካልሲው አይጎዳም፣ እናቱም አትቆጣም። ለእግር ተብሎ የተሠራው ነገር ቀኑን ሙሉ በእግር ሲደበደብ ይውላል።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። አማርኛ «ጫማ» የሚለውን ቃል የሰጠው ለገዛ እግራችን ነው። «ከእግር ጫማው እስከ ራስ ጠጉሩ» ሲባል የሚታሰበው ቆዳው ነው፤ ከሱቅ የተገዛውን ማንም አያስብም። በዚህ ሒሳብ የጎጃም ልጅ ጫማውን አድርጎ ይወለዳል። የቀረው ሁሉ የተጨመረ ነው፤ አብዛኛውም በጣሊያን እጅ የገባ። ካልሲ ከጣሊያንኛው «ካልዜ» ነው። ባት ላይ የሚጠመጠመው ወይም የሚታሰረው ገምባሌ «ጋምባሌ» ከሚለው ነው። በረባሶ የሚወጣው ከመኪና ጎማ ነው፤ ጎማም ያው ጣሊያንኛ ነው። ጎጃሜው አምስት ዓመት ተዋግቶ ጣሊያንን በ1933 ዓ.ም. ካገር አስወጣ፤ ካልሲውን ግን ማንም «ውሰድ» አላለውም።

ትልልቅ ሰዎች ካልሲን «የእግር ሹራብ» ይሉታል። ይኸኛው ጉድ ደግሞ ከዐረቦቹ በኩል የመጣ ነው። ካይሮ ወይም ካርቱም ሱቅ ገብቶ «ሹራብ» ያለ ሰው የሚሰጠው ካልሲ ነው። ቃሉ ወደ እኛ ደጋ ሲወጣ ብርዱ አንዘፍዝፎት ይሁን ወይ ሹመት አምሮት ከእግር ተነሥቶ ደረት ላይ ተቀመጠ። ካልሲ በተራው ስም ሲያስፈልገው ያው ቃል «የእግር» የሚል ቅጽል ተለጥፎለት ወደ ታች ተመለሰ። ሲተነተን እንግዲህ «የእግር ካልሲ» እንደ ማለት ነው፤ የጆሮ ካልሲ ያለ ይመስል።

ካልሲ በልጅ እግር ላይ ስንት ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ለጥቂት ጊዜ ወደ አሜሪካ መሻገር ይጠቅማል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እስከ ጭኑ የሚወጣ ጥቁር የጥጥ ካልሲ ነበረው። ወንዱ ጉልበቱ ላይ የሚያልቅ ሱሪ ይለብሳል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ጥቁር ጭቃን ይሸሽጋል፤ እናቶቹ የወደዱት ለዚህም ነው። ችግሩ ረጅም ካልሲ መውረድ ይወዳል። ስለዚህ በላስቲክ ማንጠልጠያ ይያዛል፤ ማንጠልጠያው ከውስጥ ከሚለበስ ሰደርያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰደርያው ደግሞ በቁልፍ ላይ ቁልፍ ነው። ያ ልጅ ጠዋት ይህን ሁሉ ቆላልፎ እስኪወጣ ድረስ የደብረ ወርቅ እኩያው ጥጆቹን አስሮ፣ ከምንጭ ውኃ ቀድቶ፣ ከወንድሙ ጋር ተደባድቦ ይታረቃል።

የካልሲ ሥራ ግን ትልቅ ገበያ ነበረው። ዊስኮንሲን ውስጥ ኬኖሻ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ ካልሲ «ጥቁር ድመት» የሚል ስም ነበረው፤ ለልጅ ካልሲ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ ድመትም ካልሲም ሲፈለጉ አይገኙም። እዚያው ክፍለ ግዛት ሚልዋኪ ላይ የነበረ «ሆልፕሩፍ» የተባለ ፋብሪካ ደግሞ ስድስት ጥንድ ካልሲ ለገዛ ሰው ለስድስት ወር እንደማይበሳ ዋስትና ይሰጥ ነበር። ከተበሳ ይለወጥለታል። ይህ ማስታወቂያ ያኔ ደብረ ወርቅ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ለእናቶች የምሥራች፣ ለልጆች መርዶ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ኳስ የለም ማለት ነው። ዋስትና የማይገዙት የአሜሪካ እናቶች ማታ ማታ የእንጨት እንቁላል ካልሲው ውስጥ ከትተው፣ ቀዳዳውን በእንቁላሉ ላይ ወጥረው በመርፌ ይጠቅሙ ነበር። እንቁላል ካልሲ ውስጥ ከትታ የምትቀመጥ ሴት ደብረ ወርቅ ላይ ብትታይ ጎረቤት ጠበል ይዞላት ይመጣል።

ካልሲው ከየት ይመጣ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ሉዊስ ሃይን የተባለው ፎቶ አንሺ በፋብሪካ የሚሠሩ ሕፃናትን እየዞረ ሲያነሣ በ1910 እ.ኤ.አ. ቴነሲ ውስጥ ላውደን ከተማ ካልሲ ፋብሪካ ገባ። እዚያ ያገኛት ካልሲ ሠሪ ልጅ ቁመቷ ለማሽኑ ስላልደረሰ ሣጥን ላይ ቆማ ነበር የምትሠራው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራች ሲጠይቃት አላውቅም አለችው። የአንዱን ልጅ እግር የምታሞቀው ሌላዋ ልጅ ነበረች። የጎጃም እረኛ ኑሮ ቀላል ነበር የሚል ካለ አላገደም፤ ቢያንስ ግን ላሞቹ ዘንድ ለመድረስ ሣጥን አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ያ ረጅም ካልሲ መውረድ ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ በፋሽን ነው የወረደው። መጀመሪያ ለበጋ ተብሎ ትንንሾቹ አጭር ካልሲ አደረጉ። ቀጥሎ ከጉልበት በታች የሚታጠፈው መጣ፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሸርሊ ቴምፕል የተባለችው ሕፃን ተዋናይት ነጭ ካልሲዋን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አድርጋ በየሲኒማው ስትታይ የእናቶቹ ልብ አብሮ ወረደ። የልጅ ጉልበት ይታይ አይታይ፣ ይበርደዋል አይበርደውም እየተባለ አያትና እናት ሲነታረኩ አንድ ትውልድ አለፈ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ካልሲው ከጭን ወደ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ የአሜሪካ ልጅ የገዛ ባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው።

የደብረ ወርቅ ልጅ ባቱን አልተጋረደም። በዚያው ዘመን የደብረ ወርቅ ማርያም የአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር ልብሱ ደበሎ ነው፤ የበግ ለምድ ትከሻው ላይ፣ አኩፋዳ በጎኑ፣ ዱላ በእጁ። ከጉልበቱ በታች ያለውን አገሩ ያለብሰዋል፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች መካከል ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። የኋላው ሚኒስትርና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ፊደል የቆጠሩት አሜሪካኖቹ ስለ ልጅ ጉልበት ሲጨቃጨቁ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። የቆሎ ተማሪ ግን ስለ እግሩ የሚጨነቅበት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ውሻ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ከቁራሹ በፊት የሚወጣለት የቤቱ ውሻ ነው፤ ውሻም ቅኔ አይገባውም። በዚያ ሰዓት ያ የአሜሪካኖቹ ወፍራም ጥቁር ካልሲ ቢኖር ሳይጠቅም አይቀርም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ሱፍ ጠፍቶ ነው ወይ? ደብረ ወርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ አለ። በግ ሞልቷል። ሴቶቹ ሱፍ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ባና ይሠራል፣ ባለጸጋው ባርኖስ ይደርባል። ያ ሁሉ ሱፍ ከትከሻ እስከ ጉልበት ወርዶ እዚያው ይቆማል፤ ከጉልበት በታች ድንበር የተከለለ ይመስል። ምክንያቱ ቀላል ይመስላል። ካልሲ ያለ ጫማ ምን ይሠራል? በሱፍ ካልሲ ብቻ ጭቃ የረገጠ ሰው ሁለት ኪሎ ጭቃ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ባዶ እግር ታጥቦ ይደርቃል፤ ካልሲ ታጥቦ በሐምሌ ደብረ ወርቅ ላይ የሚደርቅበት ቀን አይታወቅም። ገበሬው ቁምጣ የሚወደውም ለዚሁ ነው። ማሳው ውኃ ሲቋጥር፣ ጭቃው ባት ሲደርስ፣ ሱሪውን የሚጠቀልለው ሌላው አገር ሰው ነው፤ የጎጃሙ ከመጀመሪያውም የሚጠቀለል አላሰፋም። ቁምጣው በመታየቱ ደግሞ ባት ጌጥ ሆነ፤ ጠንካራ ባት ያለው ጎበዝ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ዐይን የሚያርፍበት እዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ሀብት ካልሲ ውስጥ መሸሸግ እንደ ንፍገት ይቆጠራል።

ባት መሸፈን የጀመረው ከወታደርና ከሹም ነው። ገምባሌ ያሰረ ሰው በእግሩ ብቻ ይታወቅ ነበር፤ ወይ ዘበኛ ነው፣ ወይ ጭቃ ሹም ነበር፣ ወይ ከአርበኝነት ዘመን የተረፈ ኩራት ነበረው። ልጆች ገምባሌ አላሰሩም፤ በሰንበሌጥና በገመድ ባታቸውን ጠቅልለው ሹም ሹም ሲጫወቱ ግን አሁንም ይታያሉ። እግር መሸፈን ማዕረግ ከሆነ ዘንድ ልጅ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

አንድ ልጅ ብቻ ወረፋ አይጠብቅም፤ አራሱ። ገና ሳይወለድ አክስት በኪሮሽ ወይም በሹራብ መርፌ ቁጭ ብላ ጣት የምታህል ካልሲ ትሠራለች፤ ነጭ፣ በሰማያዊ ወይም በሮዝ ሪባን የምትታሰር። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ያቺ ካልሲ በክብር ታጠልቃለች። እንግዶች ያነሧታል፣ ይስሟታል፣ «አቤት እንዴት ታምራለች» ይላሉ፤ ሕፃኑን ነው ካልሲዋን አይለይም። ልጁ መዳህ ሲጀምር አንዷ ትጠፋለች። ቆሞ ሲሄድ ሁለተኛዋም ትወልቅና ለሚቀጥለው ልጅ ትቀመጣለች። ደብረ ወርቅ ካልሲ የምታደርገው መሄድ ለማይችል እግር ነው፤ መሄድ ሲችል ትቀማዋለች።

ከዚያ እስከ ሁለተኛው ካልሲ ስንት ዓመት ያልፋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጥናት አለ ቢባል ማን ያምናል? አለ። መነሻው ግን ቀልድ አይደለም። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የደቀቀ ነው፤ ደቃቁ ማዕድን ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየሰረገ ይገባና በተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠ ሰው ላይ የእግርን የፈሳሽ መተላለፊያ ይዘጋል። እግሩ ያብጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ድሮ እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ የሞተ እንስሳ ረግጦ ነው ይባል ነበር። ኦመን የተባለ ሐኪም በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የተሠራው በገበያ ነው፤ በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች የሰዉ እግር ታይቶ ከመቶ 2.7 ያህሉ እብጠት እንዳለበት ተገኘ። ሰው ሁሉ የጤፍና የቅቤ ዋጋ በሚጠይቅበት ቦታ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እግር የሚቆጥሩ ሰዎችን ያየ ገበያተኛ ምን እንዳለ አልተጻፈም፤ ጫማ ነጋዴ ሳይመስሉት አልቀሩም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ከአፈሩ ጋር አገናኘው።

ካልሲ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶው ዝሆኔ እንዳለባቸው አሳየ። ተመራማሪዎቹ ሕሙማኑን የመጀመሪያ ጫማችሁን መቼ አደረጋችሁ፣ የመጀመሪያ ካልሲያችሁንስ ብለው ጠየቁ። መካከለኛው ዕድሜ ለጫማ 22፣ ለካልሲ 23 ዓመት ሆነ። በተጠየቁበት ቀን 23.6 በመቶው ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ከነዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለችው አንዲት ዓመት የራሷ ታሪክ አላት። ሰውየው ጫማ ገዛ። ጫማው ነከሰው። ተረከዙ ተላጠ፤ ትንሿ ጣቱ ቀላች፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ባዶ እግሩን ገባ። በዓሉ ሲደርስ እንደገና ሞከረ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ከጫማው ጋር ሲሟገት ከርሞ በመጨረሻ አንድ የከተማ ዘመዱ ሚስጥሩን ነገረው፤ በመካከል ገላጋይ ያስፈልጋል። ካልሲ ደብረ ወርቅ የገባው በገላጋይነት ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ገላጋይ የሚጠራው ጠቡ ከከረረ በኋላ ነው።

የዛሬው ልጅ ሃያ ሦስት ዓመት አይጠብቅም። ላስቲክ ጫማ ገበያውን ከሞላው ቆይቷል፤ ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ ሮዙ በድርድር ይደረደራል፤ በምንጭ ውኃ ለቅለቅ ሲደረግ አዲስ ይመስላል። ክፉ ጎኑ ላብ አያስወጣም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውን ገልብጦ ውኃ ያፈሳል፤ ዝናብ ግን አልዘነበም። እዚህ ላይ ነው ካልሲ ነጋዴው የሚገባው። ሱቅ በደረቴው ካልሲውን በክንዱ ላይ ደርድሮ ከጤፍ ተራ ወደ በርበሬ ተራ ይዘዋወራል። ካልሲዎቹ ተረከዝ የላቸውም፣ ቁጥር የላቸውም፤ ለሁሉ የሚሆኑ ናቸው።

«እናቴ፣ ለልጅሽ ካልሲ!»

«ይኸ የሱ ልክ ነው?»

«ይሳባል።»

ሴትዮዋ ትስበዋለች። ካልሲው ክንድ ያህል ይረዝማል። «ይኸማ ላባቱም ይሆናል።»

«ላባቱም ይሆናል፣ ላንቺም ይሆናል። ይሳባል አልኩሽ!»

«እንግዲያስ ልጁ መቼ ደርሶት ያደርገዋል?» ትላለች፤ ጥያቄዋም ልክ ነው። ለሦስት ሰው የሚሆን ካልሲ ሦስት ሰው ባለበት ቤት ሲገባ ባለቤቱ ቀድሞ የተነሣው ነው። አባት ዕቁብ ካለው አባት ያደርገዋል፤ እናት ለቅሶ ካለባት እናት ታደርገዋለች። ልጁ የሚያገኘው ከተበሳ በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ካልሲው ለልጁ ምን እንደሚሆንለት ከላይ ተነግሯል። ልጆቹም ይህን ሕግ ያውቁታል። አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ያለ ማንም እርዳታ በአንድ ሌሊት እንቁላል የምታህል ስትሆን እናት «አይጥ ነው» ትላለች። አይጡ ጎኗ ተኝቷል።

ካልሲ ጫማን ሲያማ የሚሰማው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። ወር በገባ በ21 የማርያም ዕለት ምእመኑ ደብሩ ደጃፍ ደርሶ ጫማውን ያወልቃል። የቆዳ ጫማ አድርጎ ከታች ሠፈር ጀምሮ ሲንቋቋ የመጣ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ፊቱ ይለዋወጣል፤ የውስጡን የሚያውቀው እሱ ነው። ጫማው ሲወልቅ ካልሲው ይመሰክራል። አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ የሆነበት አለ። አውራ ጣቱ ከነጥፍሩ ወጥቶ አብሮት የሚሳለም አለ። ጣቱን አጥፎ፣ ቀዳዳውን ወደ ውስጠ እግሩ ስቦ፣ እንደ ቆሰለ ሰው እያነከሰ የሚገባ አለ። ባዶ እግራቸውን የመጡት አሮጊት ግን ምንም አያወልቁም፣ ምንም አይሸሽጉም፤ ቀጥ ብለው ይገባሉ። ሽታውን እንተወው፤ ዕጣኑ ያሸንፈዋል።

ካልሲ ሌላም ጡረታ አለው። ፋኖስ መስተዋት ያጸዳል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ይጠርጋል። አያቶች ሣንቲም ቋጥረው ፍራሽ ሥር ያስገቡታል፤ በዚህኛው ሥራ ላይ እያለ የሚነካው የለም። ይሁንና ከሁሉም የኳስነት ሹመቱ ይበልጣል፤ ሰሞኑን ደግሞ የከተማ ጎረምሶች በቁምጣ ላይ የኳስ ተጫዋች ካልሲ እስከ ጉልበታቸው እየሳቡ በየሠርጉ መጨፈር በመጀመራቸው ሜዳው ላይ ተስፋ በዝቷል። ያ ጎጃም ሲኮራበት የኖረው ባት ተሸፍኗል ብለው የሚያዝኑ አዛውንቶች አሉ። ልጆቹ አያዝኑም፤ የካልሲውን ርዝመት በዐይናቸው ይለካሉ።

በአንድ የመስከረም 21 ጠዋት አንድ አባት አንድ ካልሲ አድርጎ ሁለተኛውን ሲፈልግ ቅዳሴው ገባ። አልጋ ሥር ታየ፣ ሳፋ ሥር ታየ፣ አጥር ላይ ታየ። ሚስቱ ሌላ እሰጥሃለሁ ብትለው ሁለት ዐይነት አድርጌ ደብሩ ላይ አልታይም አለ። በመጨረሻ አንድ እግሩ ካልሲና ጫማ፣ አንድ እግሩ ላስቲክ ጫማ ሆኖ ልጁን ሊጠይቅ ወደ ሜዳው ወረደ። ጨዋታው ደርቷል። ኳሱ ክረምቱን የጠጣ ስለሆነ ድንጋይ ያህላል፤ ሲመታ ውኃ ይረጫል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት አንዱ ልጅ አክርሮ ጠለዘው፤ ሲባጎው ተበጠሰ፤ ኳሱ አየር ላይ ተፈታና ፌስታሉም ብጣሹም እየተዘረገፈ እግሩ ሥር ወደቀ። ላዩ የማንም አሮጌ ካልሲ ነበር። ከመካከሉ፣ እንደ ሙዝ ተጠቅልሎ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለበት ጥቁር ካልሲ ወጣ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ልጁ ወደ መሬት አየ። በረኛው፣ ባለ ካልሲው፣ ከሁሉ ስለሚጨምት ጠጋ አለና በትሕትና፦

«ጋሼ፣ ሁለት ለሁለት ነን» አለ። «ሊያልቅ ነው።»

ሰውየው ወደ ደብሩ ቀና ብሎ አየ፤ ቅዳሴው ገና አላለቀም። ካልሲውን አንሥቶ ጨመቀው፤ ውኃው ወረደ። እንዲህ ሆኖ እንደማይደረግ አወቀ። መልሶ ለልጁ ጣለለትና ባለ ጫማ እግሩን ዘርግቶ፣ ሌላውን አጥፎ፣ አንዲት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ባለፈው ማን ነው የጀመረው?» አለ።